ግርማ ያነሳው ሠላሳ ሜትር

ባለፈው ሐሙስ እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ በሚባል ሰፈር፣ የእህቴ ልጅ ጸጉር ቤት በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሐኪሙ በየቀኑ ትንሽ ተንቀሳቀስ ስላለኝ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። ወንበር ታወጣልኛለች፣ ከጎረቤት ሻይ በወተት ታስመጣልኛለች፣ እኔም መንገዱን እያየሁ እስከ ምሳ እቆያለሁ። ሽማግሌ በር ላይ ተጎልቶ ደንበኛ ያሸሽብሻል ብያት ነበር። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ዘበኛዬ ነህ። ዩኒፎርም ብቻ ነው የጎደለህ» ብላ ሳቀችብኝ።

የዚያን ዕለት አንዲት ደንበኛ የጥፍር ቀለሟን ልታስለቅቅ ገባች። ጠርሙሱ እንደተከፈተ ሽታው በር ድረስ መጣ። ሻዬን መሬት አስቀምጬ ተነሳሁ።

«ምነው ጋሼ? አመመህ?»

«ምንም አልሆንኩም። ሽታው ነው።»

«አሴቶን እኮ ነው።»

«አውቀዋለሁ» አልኳት።

ሃያ ዓመት ሙሉ ከጣቶቼ ያልለቀቀ ሽታ ነው፤ እንዴት አላውቀውም? የተበጠሰ ፊልም የሚቀጠልበት ሙጫ እንደዚያ ነው የሚሸተው። በመጨረሻ ያሸተትኩት እዚሁ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ፈልጌው አላውቅም። ሐሙስ ዕለት ግን ሳልጠራው መጣ። ከመጣ አይቀር ብዬ ወደ ቤት ስመለስ ደብተር ገዛሁ።

ነገሩ የሆነው ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ታክሲ ውስጥ ቀበቶ እሰሩ የተባለበት ዓመት ነው። አርባዎቹ መጨረሻ ላይ ነበርኩ። ወጣት ነበርኩ ብል የእህቴ ልጅ ትስቅብኛለች። ዛሬ ካለሁበት ሆኜ ሳየው ግን ጎረምሳ ነበርኩ፤ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እወጣለሁ፣ አንድ ጆንያ ድንች ከመኪና ብቻዬን አወርዳለሁ፣ የማደርገውም ነገር ሁሉ ትክክል ይመስለኛል።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ጅማ ሲኒማ ቤት ገባሁና የፊልም ማሳያ ማሽኑን ክፍል ሥራ ጋሽ ተካ ከሚባሉ ሰው ተማርኩ። ክፍሏ ከጣሪያው ሥር ያለች፣ እንደ ምድጃ የምትግል ጠባብ ነገር ነበረች። ውጭ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውስጥ እኛ በካናቴራ ያልበናል። ፊልሞቹ እኛ ዘንድ የሚደርሱት ስንት ከተማ ዞረው፣ ጠርዛቸው ተበልቶ፣ ተቧጭረው ነው። ይበጠሳሉ። ሲበጠስ ሸራው ነጭ ይሆንና ከታች ያለው ሕዝብ በፉጨትና በእግሩ አዳራሹን ያናውጠዋል። «ሌባ! ሌባ!» ይላል። ሰው የሚመስለው መሳሳሙን ቆርጬ ኪሴ የከተትኩት ነው። ስድቡ በማግስቱ ዳቦ ስገዛ እንኳ ይከተለኝ ነበር። እንደዚያ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው የተበላሸ ፊልም ገና ሲያይ ጆሮው ይጮኻል። ስለዚህ የተበላሸውን ሰው ሳያየው ቆርጦ ማውጣት ነው። እኛ ዘንድ ጎበዝ ሠራተኛ የሚባለው ይህን የሚያውቅ ነበር።

ሌላም ነገር ጋሽ ተካ አስተምረውኛል። ድሮ ፊልም እንደ ባሩድ ነበር አሉ የሚቀጣጠለው፤ አንድ የሥራ ባልደረባቸው እዚያው ማሽን ክፍል ውስጥ ተቃጥሎባቸዋል። ስለዚህ «ቁራጭ ፊልም ክፍል ውስጥ አያድርም» ይሉ ነበር። ሥራ ሲያልቅ ቁርጥራጩን ለቅመን፣ ጓሮ ወስደን፣ አቃጥለን ነበር በር የምንቆልፈው። በእኔ ጊዜ የመጣው ፊልም እሳት ሲነካው ይጨማደዳል እንጂ እንደ ድሮው አይፈነዳም። ልማዱ ግን እጄ ውስጥ ቀረ።

መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገባሁ። የማውቀው ሰው አልነበረኝም። በሁለተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ሳለ አንድ ረዘም ያለ ሳቂታ ሰው መጥቶ አናገረኝ።

«ከየት ነህ ወንድሜ?»

«ከጅማ።»

«ጅማ! ምን ትሠራ ነበር?»

«ሲኒማ ቤት። ማሽኑ ጋ።»

ሰውዬው እጁን በእጁ መታ። «አንተ ነሃ! ስንት ጊዜ ሌባ ብዬሃለሁ መሰለህ! አንዴ እንዲያውም ብርቱካን ወርውሬ መስኮትህን መትቻለሁ።»

«ብርቱካኑን በላሁት» አልኩት።

ግርማ ይህ ነው። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታበት አንድ ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። ሳውዝ ሲ ካለው ቤቱ፣ ከጋራዡ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለቀቀልኝና ሁለት ዓመት ኖርኩባት። በኋላ ኪሊማኒ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ገብቼ የራሴን ቤት ብከራይም፣ እሑድ ምሳዬ እነሱ ዘንድ ነበር።

ልጁ ፌቨን ትባላለች። መጀመሪያ ሳያት የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክፍሌ በር ላይ ቁጭ ትልና ጅማ ያሳየኋቸውን ፊልሞች ታስወራኛለች። የረሳሁትን ቦታ ከራሴ እየጨመርኩ እነግራት ነበር። ደስ እንዲላት እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

አደገችና ኮሌጅ ገባች። ግርማ ሂሳብ አያያዝ ትማርልኛለች ሲል እሷ ፊልም መረጠች። አንድ ከሰዓት ምግብ ቤቱ ጓሮ ሽንኩርት ስከትፍ መጥታ አጠገቤ የድንች ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ፊልም እየሠራሁ ነው። ዶክመንተሪ። ስለ ሲኒማ ታሪክ።»

«ጎሽ። ማን ነው የሚናገረው? ምሁር አገኘሽ?»

«ማንም አይናገርም።»

«ታዲያ ታሪኩን ማን ይነግረናል?»

«ፊልሙ ራሱ። ድሮ በመኪና ገጠር ለገጠር እየዞረ ሲኒማ ያሳይ የነበረ ሰውዬ ጋ የተረሳ ፊልም አግኝቻለሁ። የሕንድ አለ፣ ካራቴ አለ፣ ካውቦይ አለ። ቁርጥራጭ ነው ሁሉም። እሱን ነው የምቀጣጥለው። ማሽኑንም ሰጥቶኛል፤ ግን ሞቷል። የሚያድነው ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

«እኔ አሁን የሽንኩርት ሰው ነኝ ልጄ።»

«ፕሊዝ ጋሼ።»

እንቢ ማለት አልችልም ነበር፤ ደግሞ አልፈለግሁም። እጄ ናፍቆት ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ሁለት ማታቱ ይዤ ሳውዝ ሲ እወርዳለሁ። ቀበቶ የተባለው አሮጌ ገመድ ነበር፤ ፖሊስ ሲታይ ሁላችንም ደረታችን ላይ እንይዘዋለን፣ ስናልፍ እንለቀዋለን። መውረጃዬ ጋ በርበሬና ሎሚ የተቀባ ጥብስ በቆሎ ገዝቼ፣ አንድ ለእኔ አንድ ለግርማ፣ እየበላሁ እገባለሁ። ለማሽኑ የልብስ ስፌት መኪና ቀበቶ ገጠምኩለት፣ ዘይት አጠጣሁት። በሦስተኛው ቀን ተነሳ።

የፌቨን አሠራር ግን ሊገባኝ አልቻለም። መጀመሪያ ከሳጥን ያወጣችው ፊልም አፈር ነው። እንዲሁ ስል አይደለም፤ ጓሮ ቆፍራ ቀብራው፣ ሁለት ሳምንት አቆይታ ያወጣችው ነው። ሌላውን በመርፌ ቧጥጣዋለች። ሌላውን በሻይ ቅጠል ቀቅላዋለች። እኔ ጨርቅ አንስቼ መጥረግ ጀመርኩ።

«ጋሼ! አትጥረገው!»

«ቆሻሻ እኮ ነው።»

«እሱ ነው ፊልሙ።»

«ፌቨንዬ፣ ይሄን ጅማ ባሳየው ኖሮ አዳራሹን በላዬ ያፈርሱት ነበር።»

«ይኼ ጅማ አይደለም ጋሼ፣ ሳዋ? እሺ?» አለችና ከሥሩ አምፖል በሚበራው መስታወት ላይ አንዱን ቁራጭ ዘረጋችልኝ። «እየው። እያንዳንዱ ጭረት የሆነ ቀን፣ የሆነ መንደር፣ የሆነ ማሽን ላይ የመጣ ነው። ይቺ ደግሞ መገጣጠሚያ ናት። አንድ ሰው ተሰድቦ፣ እየተቻኮለ የቀጠላት። የሲኒማ ታሪክ ሲባል ስለ አክተሮቹ ብቻ ነው የሚያወሩት። ይኼስ?»

ቀስ እያለ ገባኝ ልበል። ማሽኑ ላይ ሲዞር አፈሩ ሸራው ላይ እንደ አበባ ይፈነዳል። ፈረሰኛው እየጋለበ ይመጣና አበባው ይውጠዋል። ሕንዳዊቷ በጭረት ዝናብ ውስጥ ትጨፍራለች። ያምር ነበር፤ አልክድም።

ግርማ ጋቢውን ለብሶ ጋራዡ በር ላይ ይቀመጣል። ስኳር ዓይኑን ወስዶበት ነበር። ግራው ጨርሶ ጠፍቷል፤ ቀኙ ብርሃንና ጨለማን ይለያል፣ ከዚያ አያልፍም። የማሽኑ ድምፅ ግን ደስ ይለዋል።

«ምን ይታያል ደምሴ?»

«ሕንዳዊት ትጨፍራለች።»

«ወፈር ያለች ናት?»

«ደህና ናት።»

«እንግዲያው እንዳትቆርጣት፣ አንተ ሌባ።»

አንድ ቀን ካሜራውን ስጡኝ አለ። እንደ ሰዓት በእጅ የሚሞላ ትንሽ ካሜራ ነው፤ መሙያውን ስታዞረው ለጥቂት ጊዜ ይሠራና ይቆማል። ፌቨን ጣቱን ይዛ አንድ በአንድ አስዳሰሰችው። ከዚያ ካሜራውን ታቅፎ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። እሷ ኮሪደር ላይ ቆማ ስታዳምጥ፣ ይሞላል፣ ትር ትር ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሞላል።

«አባዬ፣ ምን እያነሳህ ነው?» አለችው።

«ታጥቦ ሲመጣ ታይዋለሽ። አብረን ነው የምናየው» አላት።

ሠላሳ ሜትር ፊልም ነው፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይሞላም። እዚህ አገር የሚያጥብ ስላልነበረ በፖስታ ወደ ውጭ ተላከ። ፖስታው እንደሄደ ግርማ ሆስፒታል ገባ። ኩላሊቱ ነው አሉን። ፊልሙ የታሸገባት ቆርቆሮ በፖስታ የተመለሰችው እሱ በተቀበረ በአሥረኛው ቀን ነው።

ፌቨን አልከፈተቻትም። «አብረን ብሎኝ ነበር። ብቻዬን አላየውም» አለች። «የፊልሜ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ከሰው ጋር ሆኜ ነው የማየው።» ሐምሌ ገባ፤ በናይሮቢ ፀሐይ የሌለበት፣ ሰው በቤቱ ውስጥ ሹራብ የሚደርብበት ወር ነው። ፊልሟ ቅዳሜ አዳራሽ ሊታይ፣ ሐሙስ ዕለት እንኳ ቆርቆሮዋ እንደታሸገች ነበረች። ዓርብ ጠዋት እጄ ላይ አስቀመጠቻት።

«አንተ ቀጥልልኝ ጋሼ። እኔ አልችልም። ደግሞ ቅጂ የለውም፤ ይቺው ብቻ ናት።»

«አትስጊ» አልኳት።

እሷ አዳራሹን ልታዘጋጅ ሄደች። እኔ ምላጬን፣ ሙጫዬን አዘጋጅቼ፣ መብራቱን አብርቼ፣ ማሸጊያውን ላጥኩ። መጀመሪያው ጥቁር ነው። ልክ ነው፣ ሁሌም መጀመሪያው ጥቁር ነው። ሳብኩት። ግራጫ ሆነ። ሳብኩት፤ ግራጫ። ነጣ ያለ ነገር መጣና ሄደ። ሳብኩት። ግድግዳ ፈለግሁ፣ አልጋ ፈለግሁ፣ የግርማን እግር እንኳ ፈለግሁ። ሠላሳውን ሜትር በጣቶቼ መካከል አሳልፌ ጨረስኩና ከጫፉ ጀምሬ እንደገና መለስኩት። ጭረት እንኳ የለበትም። የፌቨን አፈርና ሻይ ያለበት ፊልም ቢያንስ ፈረስ አለበት፤ ይኼ ምንም የለበትም።

ያን ጊዜ ጆሮዬ ጮኸ። ነገ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ታዩኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የግርማ የንግድ ወዳጆች፣ የፌቨን ጓደኞች። አንዱ ያፏጫል። ሌላው ጎኑ ላለው «ዕውር ካሜራ ይዞ» ይላል። ይስቃሉ ወይም ያዝናሉ፤ ማዘናቸው ይብሳል። ፌቨን ደግሞ መሃላቸው ተቀምጣ ባዶ ታያለች። አባቷ የተወላት ነገር ባዶ ይሆናል። አይሆንም አልኩ። ግርማ አይሳቅበትም። የእሷን ፊልም መጨረሻ አስተካክዬ ቆርጬ፣ የግርማን ሳልቀጥልበት ጥቅልሉን ዘጋሁ። እሑድ ረጋ ብዬ፣ ሲያጥቡት አበላሽተውታል ብዬ እነግራታለሁ አልኩ።

ጓሮው ውስጥ ባቄላ የተቀቀለበት የከሰል ምድጃ፣ ጂኮው፣ ፍሙ አልጠፋም ነበር። የቆረጥኩትን እንደ ሁልጊዜው ለቅሜ ወሰድኩ። የግርማንም ከላይ ጨመርኩት። ተጨማደደ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ አለቀ። ልማድ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬያለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ግን፣ አምጣው ብትለኝ የማሳያት ነገር እንዳይኖርም ፈልጌ ነበር።

ቅዳሜ በአሥር ሰዓት አዳራሹ ሞላ። መጋረጃው ወፍራም ስለነበረ ቀኑ ውጭ ቀረ። ስልሳ ሰው ይሆናል። እኔ ከኋላ ማሽኑ ጋ ቆሜያለሁ። ፌቨን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ፊት ወጣች።

«መጨረሻ ላይ ሦስት ደቂቃ አባቴ ያነሳው አለ» አለች። «ዓይኑ አያይም ነበር። ምን እንዳነሳ አላውቅም፣ አላየሁትም። አሁን ከእናንተ ጋር አየዋለሁ።»

እንዲህ ብላ ለሰው ትናገራለች ብዬ አልጠበቅሁም። ግን ፊልሙ ማሽኑ ላይ ነው፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ሰው ተቀምጧል። ማሽኑን አስነሳሁት።

ከፊቴ ካሉት ወንበሮች በአንዱ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ወዲያው ጀመሩ። «ይኼ ነገር ገና አልተጀመረም እንዴ?»

«እያዩት ነው እማማ» አለቻቸው አጠገባቸው ያለች ወጣት።

«እህ! ዝናብ ነው እኮ።»

«ዝናብ አይደለም፣ ጭረት ነው።»

«ታዲያ ለምን አይጠግኑትም? ያ ሰውዬ ከኋላ ቆሞ ምን ይሠራል?»

ሰው ሳቀ፤ ፌቨንም ስትስቅ ጀርባዋን አየሁ። አርባ ደቂቃ እንደዚያ ሄደ። ፈረሰኛው መጣ፣ ሕንዳዊቷ ጨፈረች፣ አፈሩ አበበ። ከዚያ የመጨረሻው ቁራጭ አለፈና ሸራው ነጭ ሆነ። የፊልሙ ጫፍ ጥቅልሉ ላይ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ እያለ ይመታል።

ማንም አላፏጨም። ሰዉ የግርማ ፊልም እሱ መሰለው። ስልሳ ሰው ባዶ መብራት ፊት ለፊት ትንፋሹን ውጦ ተቀመጠ። ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከጎን አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። አንዱም አልሳቀ። ፌቨን ብቻ ወደ ኋላ ዞረች። የፊልም ጫፍ ሲመታ እንዴት እንደሚል ከእኔና ከእሷ በቀር እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር። አላጠፋሁትም። ሦስት ደቂቃ ይሆናል ስል አጠፋሁት፤ ረጅም ጭብጨባ ሆነ።

ሰዉ ከወጣ በኋላ ወንበር ሳጥፍ መጣች።

«የአባዬስ?»

«አልቀጠልኩትም።»

«የት አለ?»

«ፌቨንዬ፣ ምንም አልነበረበትም። ግራጫ ብቻ ነው። ተበላሽቶ...»

«የት አለ ነው ያልኩህ ጋሼ።»

«አቃጠልኩት።»

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «አባዬ የሚያየው እኮ እንደዚያ ነበር» አለች። «ግራጫ። ምን ጠብቀህ ነበር?»

ሁለት ወር ሙሉ አትጥረግ ስትለኝ የነበረችው ልጅ ናት። ገብቶኛል ብዬ ነበር። ያን ጊዜ የገባኝ ምንም እንዳልገባኝ ነው።

ሦስት ሳምንት ድምጿ ጠፋ። ከዚያ አንድ ከሰዓት ወጥ ቤቱ ጓሮ መጣችና ትንሽ የድምፅ መቅረጫ አውጥታ መክተፊያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ከስታለች።

«ከዓለም ላይ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገረኝ።»

«መጀመሪያው ጥቁር ነው» አልኩ። «ከዚያ ግራጫ...» ቆምኩ። ብርሃኑ የመጣው የት ጋ ነው? ስንት ጊዜ? ከየት በኩል? በቅጡ አልያዝኩትም። ብልሽት ስፈልግ ነበር እንጂ ፊልም አላየሁም። መቅረጫው ይዞራል።

«በሩን አንዴ ከፍቼው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ካሜራው እየሠራ። ምንም አላለኝም፣ መልሼ ዘጋሁት። ጋሼ... እዛ ላይ አለሁ?»

ቀና ብዬ አየኋት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፊቷ ግን ክፍሌ በር ላይ የምትቀመጠዋ ልጅ ፊት ነበር።

«አለሽ» አልኩ።

«አየሁሽ በለኝ።»

«አየሁሽ። በሩ ሲከፈት ብርሃን ገባ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሻል። ደብዘዝ ብለሻል፣ ግን አንቺ ነሽ። ካሜራው ወዳንቺ ዞረና እዚያው ቆየ።»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። የተበጠሰ ነገር ቀጥዬ የያዘልኝ መሰለኝ። ደስታዬ ፊቷን ጠርጋ ቀና እስክትል ነው የቆየው።

«እኔ ካለሁበት ታዲያ ለምን አቃጠልከው?»

የነበረኝ ምክንያት ምንም የለበትም የሚል ነበር፤ እሱን በገዛ አፌ አሁን አጠፋሁት። «ደብዛዛ ነበር። ሰው እንዳይስቅ ብዬ» አልኩ። መቅረጫውን ዘግታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ፊልሙን እንደገና ሠራችው። መጨረሻው ላይ ሦስት ደቂቃ ጨለማ አስገባች፤ በጨለማው ውስጥ የእኔ ድምፅ ይናገራል፣ በሩ ላይ ቆመሻል እያለ። ብዙ አገር ዞሯል ይላሉ። ሰው ያለቅሳል ይላሉ። እኔ አላየሁትም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን አይተውታል፤ አንዳንዱ ፊት ለፊት «እንዴት አስቻለህ ደምሴ? ያን የመሰለ ነገር!» ይለኛል። ቀሪው ሰላምታ ያሳጥራል። ፌቨን ዛሬ ላቪንግተን ሰፈር ትኖራለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። ለበዓል ስንገናኝ ትስመኛለች። «ጤናዎ እንዴት ነው?» ትለኛለች፣ እንደ እንግዳ ሰው። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላታለሁ። እሷም ወደ ልጆቿ ዞር ትላለች።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ነጻ መውጣት እችል ነበር። ምንም አልነበረበትም፣ ዋሽቼሽ ነው ማለት ብቻ ነው። ሰው ያኔ ያልተማረ ነው፣ ተሳስቷል ብሎ ይተወኛል። ግን ያ ዓረፍተ ነገር ፌቨንን ከበሩ ላይ ያነሳታል። አባቷ ዓይኑ እያለቀ ወደ እሷ የዞረባትን ያችን ቅጽበት ይወስድባታል፤ አንድ ጊዜ ወስጄባታለሁ። ባለፈው ፋሲካ አንድ ሰው ክፉ ቃል ተናግሮኝ ስለነበር ተናድጄ ልነግራት አጠገቧ ደረስኩ። ትንሿ ልጇ ጣቴን ያዘችና እናቷን ቀና ብላ አየቻት። እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ተመለስኩ። ጋሽ ተካ፣ ያ ገጠር ለገጠር ሲኒማ ያሳይ የነበረው ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት በዚያች ክፍል ግለት ውስጥ ያላበኝ እኔ፣ ሁላችንም እንድንታወስበት ለተሠራ ፊልም መጨረሻው የእኔ ውሸት ሆነ። አንዳንድ ቀን ይህ ብቻውን እህል ያስጠላኛል።

ደብተሩ አልቋል፤ የእህቴ ልጅም ሌላ ልግዛልህ ወይ ትላለች። አይበቃም? ፌቨን አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። ልጽፈው የደፈርኩት ለዚህ ነው። ለእናንተ እንግዲህ እውነቱን ልናገር። በር አልነበረም። ሰው አልነበረም። ግራጫ ነበር፣ ወደ ግራ ከፍ ብሎ ነጣ ያለ ነገር ነበር። ያኔ ብልሽት ብዬ ያለፍኩት ነው፤ ዓመታት ሳመላልሰው መስኮቱ ይመስለኛል። ግርማ ሲተነፍስ ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሦስቱንም ደቂቃ መስኮቱን እያየ ነበር፤ በሩ ሲከፈትም አልዞረም።

ከእናንተ መሃል የሚያውቃት ቢኖር፣ አደራ፣ ይህን አያንብብላት።